የደነዘዘው እጅ ነው፤ ነርቩ የተያዘው ግን የት? አንገት፣ ክርን ወይስ የእጅ አንጓ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ጎረቤት አሉኝ። ባለፈው ክረምት ቀኝ እጃቸው ሌሊት እየደነዘዘ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳቸው ጀመር። ልጆቻቸው ዕቁብ ሲደርሳቸው ሳይውሉ ሳያድሩ የአንገት ኤም አር አይ አስነሷቸው። ፊልሙን በፌስታል ጠቅልለው ቤቴ ድረስ ይዘውት መጡ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቦታ ዲስክ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ትራስ፣ ወጣ ማለቱ ተጽፏል። "አንገቴ አልቋል ተባልኩ" ይሉኛል፣ ጭንቅላታቸውን እንስራ እንደተሸከመ ሰው ቀጥ አድርገው።

"እትዬ፣ የሚደነዝዝዎት የትኛው ጣት ነው?"

"ሁሉም ነው ልጄ። እጄ እንዳለ።"

"ትንሿ ጣትስ?"

ትንሿን ጣታቸውን በግራ እጃቸው ይዘው አሻሿት፤ ቆንጠጥም አደረጓት። "እሷስ ደህና ናት" አሉ፣ ራሳቸውም ገርሟቸው።

ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ፊልሙ አልዋሸም፣ ዲስኩ እውነትም ወጣ ብሏል። ሌሊት የሚቀሰቅሳቸው ነርቭ ግን የተያዘው አንገታቸው ላይ ሳይሆን እጅ አንጓቸው ላይ ነበር። ያንን ለመለየት አቦል ተጠጥቶ ቶና እስኪደርስ ያለው ጊዜ በቃን። የዕቁቡ ብር ግን አንዴ ወጥቷል።

ከከተማው ጫፍ ለምንኖር ሰዎች አንድ ምርመራ ማለት ዋጋው ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ሥራ መፍታት፣ ሁለት ሦስት ታክሲ መቀያየር፣ ውጤት ለመቀበል ደግሞ ሌላ ቀን ነው። ስለዚህ "ኤም አር አይ ልነሳ ወይስ የነርቭ ምርመራ?" ብሎ ከመጠየቅ በፊት የተጠረጠረው ቦታ የት እንደሆነ መለየት አለበት። ቦታው ሳይለይ የተመረጠ ማሽን የሚያሳየው የተጠቆመበትን ቦታ ብቻ ነው።

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የምናደርገውን አስቡት። በመስኮት ወጣ ብለን የጎረቤት መብራት እናያለን። ብሎኩ በሙሉ ከጨለመ ችግሩ ትራንስፎርመሩ ላይ ነው፤ የእኛ ቤት ብቻ ከሆነ የራሳችንን ቆጣሪ እንነካካለን። የእጅ ነርቭም እንዲሁ ነው። ከአንገት አከርካሪ አጥንቶች መካከል 8 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። ከ5ኛው እስከ 8ኛው ያሉት፣ ከደረት የመጀመሪያው ጋር ሆነው፣ በአንገትና በትከሻ መካከል እንደ ሐረግ ይጠላለፉና ሌላ ስም ይዘው ወደ ክንድ ይወርዳሉ። መዳፍና ጣት ድረስ የሚዘልቁት ዋናዎቹ ሚዲያን፣ ኡልናርና ራዲያል ናቸው። የትኛው ጣት ጨልሞ የትኛው እንደበራ ካየን መስመሩ የት እንደተያዘ ብዙ ጊዜ እንደርስበታለን።

አውራ ጣትና ጎረቤቶቹ፦ አንጓ ወይስ አንገት?

በብዛት የሚያሳስተው ይህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆየት እንበል።

በእጅ አንጓ የመዳፍ በኩል ካርፓል ተነል የሚባል ጠባብ መተላለፊያ አለ። ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ነርቭ፣ ሚዲያን፣ ተጠጋግተው ያልፉበታል። ጅማቶቹ ሲያብጡ ቦታ የሚያጣው ነርቩ ነው። ሊጥ የሚያቦካ፣ ልብስ በእጅ የሚያጥብና የሚጨምቅ፣ ሹሩባ የሚሠራ፣ ቀኑን ሙሉ መዶሻ የሚይዝ ሰው ይህን ያውቀዋል። እርግዝና፣ ስኳርና የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስም ያመጡታል።

የአንጓው ምልክት ሌሊት ይብሳል። ሰውየው ይነቃና እጁን እንደ ቴርሞሜትር ያራግፈዋል፤ ሲያራግፈው ይለቀዋል። የሚደነዝዙት አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ናቸው። ትንሿ ጣት ነፃ ናት። አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፦ ጣቶቹ ደንዝዘው እያለ ከአውራ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ ሥጋ ቆዳው አይደነዝዝም። ወደዚያ የሚሄደው ቅርንጫፍ መተላለፊያው ውስጥ አይገባም፤ በላዩ ነው የሚያልፈው። እዚያም ከደነዘዘ ከአንጓ ከፍ ብሎ መፈለግ ነው። ሕመሙ ከአንጓ ወደ ላይ እስከ ክንድ ሊወጣ ስለሚችል "ክንዴንም ያመኛል" ማለት ብቻውን አንገት ነው አያሰኝም።

የአንገቱ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነሳው ከትከሻ አጥንት ውስጠኛው ጠርዝ አጠገብ ነው፤ ሰዎች "ብርድ ገባኝ" ብለው ቅባት የሚቀቡበት ቦታ። ከዚያ በክንድ ላይ እንደ ኤሌክትሪክ እየነዘረ ይወርዳል። ቀና ብሎ ወደ ታመመው ጎን ዘንበል ማለት ያባብሰዋል። የተያዘው 6ኛው ነርቭ ከሆነ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይደነዝዛሉ፤ ክርን አጥፎ ጀሪካን ማንሳትም ያቅታል። 7ኛው ከሆነ፣ በብዛት የሚያዘውም እሱ ነው፣ የመሃል ጣት ይደነዝዛል፤ ከባድ የብረት በር መግፋት ወይም ከመቀመጫ በእጅ ተደግፎ መነሳት ይከብዳል።

አንድ ኮብልስቶን ጠራቢ ስቃዩ ሲበረታበት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ይቀመጥ ነበር። ባለቤቱ "ኧረ እጅህን አውርድ፣ ሟርት ነው!" እያለች ትቆጣዋለች። እውነቷን ነው፤ በእኛ ዘንድ እጅን አናት ላይ መጫን የለቅሶ ምልክት ነው። እሱ ግን ሳያውቀው ትክክለኛውን ምርመራ እየሠራ ነበር። እጅ አናት ላይ ሲወጣ የተወጠረው የአንገት ነርቭ ስለሚላላ ሕመሙ ይቀንሳል። ይህን የሚያደርግ ሰው ሳይ፣ ገና ሳልነካው ወደ አንገቱ አስባለሁ።

ቤት ውስጥ የሚሞከሩ ሁለት ነገሮች አሉ። ለአንጓ፣ ክርኖቻችሁን ከፍ አድርጋችሁ የሁለቱን እጆች ጀርባ አገናኙና ጣቶቹ ወደ መሬት እንዲያመለክቱ አድርጋችሁ ለ60 ሰከንድ ያዙት። የለመዳችሁት ድንዛዜ በእነዚያ ጣቶች ላይ ከመጣ አንጓውን መጠርጠር ነው። ለአንገት ደግሞ እጅን አናት ላይ ጭኖ ቀለል ይል እንደሆነ ማየት። ጭንቅላትን ወደ ጎን አዘንብሎ ከላይ የመጫን ምርመራ አለ፤ እሱን ግን ቤት ውስጥ ማንም እንዳይሞክርባችሁ። የሚሠራው ባለሙያ ነው፤ እሱም አደገኛ ምልክት አለመኖሩን ካየ በኋላ።

ጥርጣሬ ሲኖር ጡንቻ ይፈርዳል። አንጓ ላይ የተያዘ ነርቭ ክርን የሚያጥፈውን ጡንቻ ሊያደክም አይችልም፤ መስመሩ ያንን ቦታ አልፎ ነው የመጣው። የአንጓው ድካም የሚታየው አውራ ጣት ሥር ባለው ሥጋ ላይ ነው፦ ሲኒ ይወድቃል፣ ቁልፍ መቆለፍ ያስቸግራል፣ ሲቆይም ሥጋው ይከሳል። ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ሊገኙ እንደሚችሉም አትርሱ።

ትንሿ ጣት፦ ክርን ወይስ አንገት?

ክርናችሁ ድንገት ሲመታ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝራችሁ ነርቭ ኡልናር ነው። ከክርን ውስጠኛው አጥንት ጀርባ፣ ከቆዳ ሥር ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። ክርን ሲታጠፍ ይወጠራል፤ ክርን ላይ ስንደገፍ ይጫናል። ክርኑን የመኪና መስኮት ላይ አስደግፎ የሚውል ሹፌር፣ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚያወራ፣ ጫት ሲቅም አንድ ክርኑ ላይ ተደግፎ የሚያመሽ፣ ክርኑን አጥፎ እጁን ትራስ አድርጎ የሚተኛ፣ ሁሉም እዚህ ሊሰለፍ ይችላል።

8ኛው የአንገት ነርቭም ትንሿን ጣት ያደነዝዛል። ልዩነቱ የቀለበት ጣት ላይ ነው። ጥጥ ወይም የነጠላ ጥለት ጫፍ ይዛችሁ የቀለበት ጣትን በሁለቱም ጎን ቀስ ብላችሁ ዳብሱት። በትንሿ ጣት በኩል ያለው ግማሽ ደንዝዞ በመሃል ጣት በኩል ያለው ደህና ከሆነ ችግሩ ከአንገት በታች፣ ኡልናር ራሱ ላይ ለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው። ቀጥሎ ወደ ላይ ሂዱ፦ ድንዛዜው አንጓ አካባቢ ካቆመ ክርን፣ በክንዱ ውስጠኛ ጎን ሽቅብ ከቀጠለ ደግሞ አንገት ወይም የብብት አቅጣጫ ይጠረጠራል።

ለጉልበቱ የመቶ ብር ኖት ይበቃል። ኖቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጎን መካከል አጥብቃችሁ ያዙና ሌላ ሰው ይሳበው። ላለመልቀቅ የአውራ ጣት ጫፍ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ጡንቻው ደክሟል ማለት ነው። ይህ ምልክት ከታየ ለሌላ ወር መታገሥ የለም፤ የከሳ የእጅ ጡንቻ ተመልሶ ለመሙላት በጣም ያስቸግራል።

እዚሁ ክርን ላይ ሌላ ነገር አለ፣ ባልናገረው የሚቆጨኝ። ሥጋ ደዌ ከሚያጠቃቸው ነርቮች ግንባር ቀደሙ ይኸው የክርኑ ኡልናር ነው። ክርን ላይ ነርቩ እንደ ገመድ ወፍሮ ከተዳሰሰ፣ ቆዳ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ስሜት የሌለው ቦታ ካለ፣ ወይም ምጣድ አቃጥሏችሁ ሳይሰማችሁ ጠባሳውን በኋላ ካያችሁ፣ ይህ ተራ የክርን መጫን ላይሆን ይችላል። በሽታው በዘር አይወረስም፤ በመድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በነፃ ነው። ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 ለዚሁ በሽታ ሕክምናና ሥልጠና ነው የተቋቋመው። ሰው ምን ይለኛል ብሎ የሚዘገይ ሰው ጣቱን ያጣል፤ ቀድሞ የሄደ እጁን ይዞ ይኖራል።

የወደቀ አንጓ፣ የትከሻ ሥር መጫን

ጠዋት ተነስቶ እጁን ወደ ላይ ማቅናት ያቃተው፣ አንጓው እንደ ረጠበ ጨርቅ የተንጠለጠለበት ሰው፣ ብዙ ጊዜ ክንዱ ላይ ተኝቶ ራዲያል ነርቭ ተጭኖበት ነው። 7ኛው የአንገት ነርቭ ቢሆን ኖሮ አንጓን ወደ ታች ማጠፍና ክርን መዘርጋትም ይደክም ነበር። ክንድ ላይ በመተኛት የመጣው በአብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። ነገር ግን በድንገት ስለሆነ ስትሮክ አለመሆኑን ማረጋገጥ ግድ ነው፤ ፊት ከተጣመመ፣ አፍ ከተያያዘ ወይም እግርም ከሰነፈ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል።

በአንገትና በብብት መካከል ነርቩ የሚያዝበት ሁኔታም አለ። ሲሚንቶ የሚሸከሙ፣ እጃቸውን ሰቅለው ቀለም የሚቀቡ ሰዎች ላይ ይጠረጠራል። እውነተኛው ግን ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚገኘው። እኔ ወደዚህ የምሄደው ሦስቱን ቦታዎች ካጣራሁ በኋላ ነው።

ማመዛዘን የማያስፈልጋቸው ምልክቶች

እስካሁን ያወራሁት አንድ ነርቭ ስለ መያዙ ነው። ህብለ ሰረሰር ራሱ ሲጨመቅ ግን ሕመም ላይኖር ይችላል፤ የሚታየው መንገዳገድ ነው። ሳንቲም መቁጠር ያቅታል፣ ጽሑፍ ይበላሻል፣ ደረጃ ሲወርዱ እግር አይታዘዝም፣ ለስግደት ጎንበስ ሲሉ ከአንገት እስከ ወገብ ኤሌክትሪክ ይወርዳል፣ ሽንት መቆጣጠር ያስቸግራል። እጃችሁን በ10 ሰከንድ ውስጥ ሙሉ በሙሉ እየጨበጣችሁ ዘርጉ፤ ጤነኛ እጅ 20 ጊዜና ከዚያ በላይ ይሠራዋል። ከዚያ በጣም ካነሰ፣ በተለይ በሁለቱም እጅ፣ ኤም አር አይ የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ ወረፋ አይጠበቅለትም።

ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ከአንገት ሕመም ጋር ከመጡ የአከርካሪ ቲቢ ይታሰባል። የግራ ክንድ ሕመም ከደረት መጨነቅና ከላብ ጋር ከሆነ ልብ ነው፤ አንገት ስታሹ እንዳትገኙ። ድንዛዜው በሁለቱም እግር ጀምሮ ከዚያ ወደ እጆች ከመጣ ደግሞ የተያዘ ነርቭ ከመፈለግ በፊት ስኳር መለካት ይቀድማል። የቲቢ መድኃኒት እየወሰዳችሁ ከሆነ ንገሩ፤ አይሶናያዚድ ነርቭ ሊጎዳ ስለሚችል ነው ቫይታሚን ቢ6 አብሮ የሚሰጠው።

የትኛው ምርመራ ምን ያሳያል?

ራጅ አጥንት ያሳያል፤ ነርቭ አያሳይም። ከአደጋ በኋላ፣ ወይም ቲቢና ዕጢ ሲጠረጠር ይጠቅማል። "ራጄ ንጹሕ ነው" ማለት ነርቭ አልተያዘም ማለት አይደለም፤ "አጥንቱ በልቷል" የሚል ራጅም ያደነዘዛችሁ እሱ ነው ማለት አይደለም።

ኤም አር አይ ዲስኩንም፣ ነርቩንም፣ ህብለ ሰረሰሩንም ያሳያል። ችግሩ ብዙ ማሳየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጃፓን ጥናት 1,211 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞችን አንገት በኤም አር አይ አይቶ፣ 87.6 በመቶዎቹ ላይ ወጣ ያለ ዲስክ አግኝቷል። በጎረቤቴ ፊልም ላይ የታየው ይኸው የዕድሜ ምልክት ነው። ኤም አር አይ ዋጋ የሚኖረው ፊልሙ ላይ የታየው ነርቭና የደነዘዘው ጣት ሲገጣጠሙ ነው። በግራ በኩል የወጣ ዲስክ የቀኝ አውራ ጣትን አያደነዝዝም። አደገኛ ምልክት ከሌለ፣ የአንገት ነርቭ መያዝ በብዙ ሰው ላይ በሳምንታትና በጥቂት ወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ስለሚሻል፣ ድካም እየጨመረ ካልሄደ በስተቀር መጀመሪያው ሳምንት ላይ አልመርጠውም።

የነርቭ ፍጥነት ምርመራና ኢ ኤም ጂ የሚባለው በትንሽ ኤሌክትሪክና በቀጭን መርፌ የሚሠራ ነው። አንጓንና ክርንን ለመለየት ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው፤ መልእክቱ የት ቦታ እንደሚዘገይ በቁጥር ይናገራል። ሁለት ነገር ግን እወቁለት። ጡንቻ ላይ በመርፌ የሚታየው ጉዳት ብቅ ለማለት ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ በአምስተኛው ቀን ሄዳችሁ "ምንም የለም" ብትባሉ አትደነቁ። ሌላው፣ አንገት ላይ የነርቩ መነሻ ሲያዝ የጣት ስሜት ምርመራ ንጹሕ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፣ ጣቱ ደንዝዞ እያለ። የስሜት ነርቩ ዋና ሕዋስ ከተያዘበት ቦታ ወደ ውጭ በኩል ስለሚገኝ ከዚያ በታች ያለው መስመር ሕያው ነው። ይህ ውጤት "ሕመሙ የለም" ተብሎ ሲነበብ አይቻለሁ፤ ትርጉሙ ግን "ወደ ላይ ተመልከቱ" ነው።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ ሌሊት የሚያነቃ የአውራ ጣት በኩል ድንዛዜ ብቻ ከሆነና ድካም ከሌለ፣ ከማንኛውም ማሽን በፊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ለስድስት ሳምንት ሌሊት ሌሊት ማሰር። ሳይጠብቅ፣ ደም ሳያስቆም። ከተሻለው ምርመራውም ሕክምናውም ያው ነው። ጎረቤቴም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ሊጡን የምታቦካው ልጃቸው ሆናለች፣ እሳቸው ምጣዱን ይዘዋል፤ አሁን እስከ ንጋት ይተኛሉ። ካልተሻለ ወይም አውራ ጣት ከደከመ ግን የነርቭ ፍጥነት ምርመራ፤ ከዚያም በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ወይም ቀዶ ሕክምና።

የት ልሂድ ለሚለው፣ ከጤና ጣቢያ መጀመር ለብዙዎቻችን ይሻላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ ያለ ሪፈር ብትሄዱ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ፤ ሪፈር ይዛችሁ ግን ከእኛ ሠፈር ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ፣ ካስፈለገም ወደ ጥቁር አንበሳ ትሄዳላችሁ። ወጌሻን አልንቅም፤ እናቴ የወለቀ ክንዷን ያቀናችው እዚያ ነው። እጁ የደነዘዘ ሰው አንገት ግን አይጠመዘዝም፣ ቀጭ አይደረግም። የቫይታሚን ቢ መርፌም ቫይታሚኑ ለጎደለው ሰው መድኃኒት ነው፤ የተጨመቀ ነርቭን አያላቅቅም።

ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሳምንት አንድ ወረቀት አዘጋጁ። እጃችሁን በልጆች ደብተር ላይ ዘርግታችሁ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩ፤ አንዴ ከመዳፍ በኩል፣ አንዴ ከጀርባው። ሌሊት ስትነቁ፣ መብራት አብርታችሁ፣ ድንዛዜው ያለበትን ብቻ አጥቁሩ። ከጎኑ ሰዓቱን፣ ከመተኛታችሁ በፊት ስትሠሩት የዋላችሁትን፣ ምን ስታደርጉ እንደለቀቃችሁ ጻፉ። ሐኪሙ ለእናንተ ያለው ጊዜ አምስት ደቂቃ ከሆነ፣ መጀመሪያ ያንን ወረቀት እጁ ላይ አድርጉለት፤ ፊልም ካላችሁ ከዚያ በኋላ።